ፊት አዙር

ከወንዙ ማሻገሪያ በላይ ያለው፣ አንድ አሮጌ ብሳና የቆመበት ዳገት ፊት አዙር ይባላል። ሌላ አገር መድኃኒት የሚቆርጥ ሰው አፉን ዘግቶ፣ ተደብቆ ነው የሚቆርጠው፤ እዚያ ግን ቅጠሉን የሚነካ ሁሉ የዛፉን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ለማን እንደሚወስደውም ይናገራል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በድሮ ዘመን ደምለው የሚባል መድኃኒት አዋቂ ነበር። ቆረቆር ፀጉሩን የበላውን ልጅ ሁሉ ያድናል። ስሙ በሰው ፊት የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል ብሎ ስለሚያምን ቅጠሉን ከከሰል ጋር ወቅጦ ያጠቁረዋል፤ ምን እንደሆነ ሚስቱ እንኳ አታውቅም።

ጓንጉል የሚባል ሰው ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረችው። ራሷ ላይ ክብ ክብ ቁስል ወጥቶ ፀጉሯ ሲረግፍ፣ መንደሩ ቁምጥና ነው አለ። አባቷ ወደ ደምለው ቢሮጥ፣ ሰውየውን ግማሽ አካሉ ደርቆ፣ ምላሱ ተሳስሮ አገኘው። የመንደሩ ሽማግሌዎችም «የደምለውን መድኃኒት ካገኘህ እንታገሣለን፤ ካላገኘህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙን ትሻገር» ብለው ልጅቱን ይዘው ማሻገሪያው ላይ ተቀመጡ።

ጓንጉል ከወንድሙ ጋር ደምለውን በቃሬዛ ተሸክሞ ወጣ። የደምለው ሚስት የሽመቤት ከኋላ ተከተለች።

«አንተ ጓንጉል! ነፍሱ ሳትወጣ ልትቀብረው ነው?»

«እመዬ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ነው የምፈልገው።»

ከዛፍ ዛፍ እያዞረው ቅጠል እየበጠሰ ፊቱ ላይ ይይዝለታል። «ግራዋ ነው?» ደምለው አፍጥጦ ያየዋል። «እንዶድ ነው?» ያፈጥበታል። ፀሐይዋ ተራራውን ነካች። ዳገቱ ላይ ብሳና ሲያቀርብለት ግን ደምለው ፊቱን አዞረ። ጓንጉል በሌላው በኩል ዞሮ ያዘለት፤ አሁንም አዞረ።

«ብሳና ነው! ብሳና!»

ጩኸቱ ማሻገሪያው ድረስ ተሰማ ይባላል። የሽመቤት ጆሮዋን ያዘች።

«ጠርተህ ገደልከው» አለችው፣ መድኃኒቱን ማለቷ ነው።

ደምለው ቤቱ ሳይደርስ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ጠብቀው ልጅቱን ለቀቁ። ጓንጉል ለጋውን ቅጠል እየጨመቀ ይቀባት ጀመር፤ ነገር ግን ስሙ የተጠራው መድኃኒት ሞቶ ይሆን እያለ፣ በየማለዳው እጁን ራሷ ላይ ማሳረፍ ይፈራ ነበር ይባላል። አንድ ጠዋት ጣቱ ሥር ሻካራ ነገር አገኘ። ፀጉር ነበር።

ዛሬ የፊት አዙር ብሳና እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ቅጠል የለውም። ረጅም ሰው በዚያ ሲያልፍ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ያስቆሙታል።