ለሠርግ ነው ያለው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ወረቀትሽን እዚያ መስታወቱ ላይ አስቀምጪውና ስሚኝ፤ «ጋሼ፣ ከነዚህ ካሜራዎች የቱ ይሻላል?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኼ ሰው ነው።

ሰውየው ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ፣ ዝምተኛ፣ አርባ ዓመቱን ያለፈ፣ ያላገባ ሰው ነው። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነበር። እናቱ ዓይኗን ታማለች። ጨርሳ አልታወረችም፤ ግን ዓይኗ ብርሃን አይችልም። ፀሐይ ሲነካት ግንባሯ ይጨማደዳል፣ ከንፈሯ ይጣመማል፣ ጥርሷን ነክሳ እንባዋን ታወርዳለች። ሐኪም ዘንድ ቢወስዳትም ጊዜው አልፏል አሉት። ስለዚህ መስኮቱን በጋቢ ሸፍነው፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ጥለው ጨለማ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር።

አሁን ይኼን ልብ በይልኝ። ያቺ ሴት በጨለማ ውስጥ ሌላ ሰው ነበረች። መጋረጃው ሲወርድ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ታወርዳለች፣ ግንባሯ ይፈታል፣ ዓይኗ ይከፈታል፣ ሳቋ ይመጣል። ጨዋታ ታውቅበታለች። የሰፈሩን ሰው በሙሉ በኮቴው ነበር የምትለየው። «መጣች ደግሞ። ዛሬም ከባሏ ተጣልታለች፣ እግሯን ስትጥል አትሰሙም?» ትላለች፤ እውነትም የመጣችው ሴት ተጣልታ ትገኛለች። ጎረቤት የከፋው ቀን እሷ ዘንድ ሄዶ ይቀመጣል። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይቆይና ከዚያ በኋላ ፊቷን ያያል። ያን ፊት ያየ ሰው ከነሐዘኑ ተመልሶ አይሄድም ነበር።

በዕድሜዋ የተነሳችው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ። ያነሳት ሰው ፍላሹን ፊቷ ላይ አብርቶባት ዓይኗ ተጨፍኖ፣ አፏ ተጣሞ ወጥቷል። ሰው ሊመታት እጁን ያነሳባት ትመስላለች። መታወቂያውን ፍራሽ ሥር ደብቃው ነበር የምትኖረው።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው በትልቁ ይታተምና በፍሬም ሆኖ ለቅሶ ላይ ይወጣል። ዘመድ ከፍ አድርጎ ይዞት ይዞራል፣ አልቃሿ እሱን እያየች ሙሾ ትገጥማለች። ሟቹን በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ እድርተኛም በዚያ ፎቶ ያውቀዋል፣ የሚያስታውሰውም በዚያው ነው። አንድ ቀን ጎረቤቶች ከለቅሶ መልስ ስለወጣው ፎቶ ሲያወሩ ሰማችና ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ልጇን ጠራችው።

«ልጄ፣ ስሞት ያቺን የመታወቂያዋን ሴትዮ እንዳታወጡብኝ። እኔ እሷ አይደለሁም» አለችው። በጨዋታ ነበር የጀመረችው፤ ስትጨርስ ግን አልሳቀችም።

«ምን ቸገረሽ እማዬ። እኔ ራሴ አነሳሻለሁ» አላት። እንግዲህ ቃሉ ይኼ ነው። ከዚያ ወዲያ ይኼ ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር አልነበረውም።

የጎረቤት ስልክ ለምኖ ሞከረ፤ ጥቁር ጉም ወጣለት። መጋረጃውን በጣት ያህል ገለጥ ቢያደርግ ፊቷ ወዲያው ተኮማተረ። ሻማም ያው ነው። ወፍጮ ቤት እህል የሚያስፈጭ አንድ አስተማሪ ግን «ሚረርለስ የሚሉት ካሜራ አለልህ፤ እንደ ድሮው ካሜራ ውስጡ መስታወት የለውም። ደህናው ከተገኘ ጨለማ አይበግረውም፣ ድምፅም አያሰማም» አለው። ሰውየው ከአባቱ የቀረችውን አንዲት ጊደር ሸጠና በጥቅምት ወር ካሜራ ሊገዛ ወደዚህ ከተማ መጣ።

የገባበት ሱቅ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ሠርግ የሚያነሱ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ስለ ካሜራ ሲያወሩ በቁጥር ብቻ የሚያወሩ ልጆች ናቸው። ሰውየው ከኋላቸው ቆሞ ተራውን ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ሻጩ «ወንድሜ፣ ምን ልታነሳበት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

መልሱ አፉ ላይ ነበር። እናቴን፣ ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ስትስቅ። ሌላ የሚጨመርበት ነገር አልነበረም። ግን ወጣቶቹ ዞረው አዩትና ይሉኝታ ያዘው። ለአንዲት አሮጊት ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ብር ይሉኛል ብሎ ፈራ። ቤቴ ጨለማ ነው ብሎ መናገር ደግሞ እናቱን ከነበሽታዋ አደባባይ ማውጣት መሰለው።

«ለሠርግ ነው» አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሻጩ ለሠርግ የሚሆነውን አወረደለት። አላታለለውም፣ ይኼን ያዢልኝ። ጥሩ ካሜራ ነው፤ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ አለው፣ ከላዩ የሚሰካ ብርቱ ፍላሽ አለው። ድንኳን ውስጥ ለሚጨፍር ሚዜ ከዚያ የተሻለ አይገኝም ነበር። የጊደሯን ዋጋ ግን አሟጦ ወሰደው።

በታችኛው መደርደሪያ ደግሞ አንዲት ያገለገለች ትንሽ ካሜራ ነበረች፣ አጭርና አፈ ሰፊ ሌንስ የተገጠመላት። ሩቁን አታቀርብም። ነገር ግን ሌንሷ ያለችውን ትንሽ ብርሃን ሁሉ ስለሚያስገባ መብራት በሌለበት ቤት የሰው ፊት ለይታ ታወጣለች። ዋጋዋ የዚያኛውን ግማሽ አይሞላም። ሰውየው አይቷታል፤ በጣቱም አሳይቷል።

«እሷ ለሠርግ አትሆንህም» አለው ሻጩ። እውነቱን ነው።

ሰውየው አገሩ ሲደርስ እናቱ ታጥባ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተቀብታ ጠበቀችው። መደቡ ላይ ተቀመጠችለት። መጋረጃው ተዘግቷል። እሷ እየቀለደች፣ እየሳቀች፣ እሱ ካሜራውን ደጋግሞ ተጫነ። ፎቶው ሲታይ ፊቷ ተዘርግቶ እንደ ፈሰሰ ቀለም ሆኗል። «እስቲ አትንቀሳቀሺ» አላት። ደርቃ ተቀመጠች። ስትደርቅ ሳቁ ሄደ፤ ምስሉም ዱቄት የተበተነበት ይመስል ነበር፣ ዓይኗ የት እንዳለ አይለይም። ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ፍላሹን ሰካው። «አንዴ ብቻ ቻይው እማዬ» አላት። እሷም እሺ አለች።

ሲበራባት ጮኸች። እጇን ፊቷ ላይ ደፋችው። ሁለት ቀን እንባዋ አላቆመም። ፎቶው ግን ጥርት ብሎ ወጣ፤ የእጇ ጅማት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የቀለበቷ መስመር ይታያል። ከእጇ በስተኋላ ፊት የለም።

«ግድ የለም። ሌላ ቀን ይሆንልናል» አለችው፣ እሷው አጽናኝ ሆና።

አስተማሪው ካሜራውን አገላብጦ አየና «ችግሩ ሌንሱ ነው፤ አፉ ሰፊ የሆነ አጭር ሌንስ ያስፈልግሃል። ሄደህ አስለውጠው» አለው። ሰውየው አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሄዶ ነበር። እዚያ ቆሞ ሲያስበው ግን ሻጩን ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፋው። ለሠርግ ብዬ ወስጄ አሁን ውሸቴን ነበር ልበለው? አፈረና ተመለሰ።

እዚህ ላይ ነው ልጄ እኔን የሚያንገበግበኝ። ውሸቱ ሥራ ሆነለት። ከተማው ውስጥ እንዲያ ያለ ካሜራ ያለው ሰው ስላልነበረ በጥር አንዱ ሠርጌን አንሳልኝ አለው። አነሳለት፤ ፎቶዎቹ አማሩ። ሌላው ጠራው፣ ከዚያ ሌላው። በዚህ ገንዘብ ሌንሱን ለብቻው እገዛለሁ፣ ማንንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም ብሎ አሰበ። ይኼን ሠርግ ልጨርስ፣ ያንን ልጨርስ ይላል። በመጨረሻም፣ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ያን ጊዜ ከተማ እሄዳለሁ ብሎ ቆረጠ። እናቱ ማሳል ጀምራ ነበር። ማታ ማታ ሲመለስ ስለ ሙሽራይቱ ትጠይቀዋለች፤ እሱም የሌላ ሰው ልጅ ፊት እንዴት እንደበራ ይነግራታል።

ጾም ሊገባ አንድ እሑድ ሲቀረው ጎረቤት መንደር ሙሽሮች እያነሳ ሳለ ሁለት የሰፈሩ ሰዎች መጡ። «እናትህን ትንሽ አሟታል፣ እንሂድ» አሉት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የሄደው።

ቤቱ ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል። የእናቱ ወንድም ወደ ጥግ ወሰደውና «አንተ ካሜራ ያለህ ሰው ነህ። ፎቶዋን አምጣ፣ ፎቶ ቤት ወስደው በትልቁ ያትሙት» አለው። ሰውየው ካሜራውን ከፈተ። ሙሽራ፣ ሙሽራ፣ ሚዜ፣ የኬክ ቆረሳ፣ ሙሽራ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ የእጇ ፎቶ ላይ ደረሰና አሳየው። አጎቱ አየው፣ አቀረበና ደግሞ አየው።

«ይኼ እጅ ነው» አለ።

«እጇ ነው» አለ ሰውየው።

አጎቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለቅሶ ያለ ፎቶ ይቅር ማለት ግን አልሆነለትም። ፍራሹን ገለጠና መታወቂያውን አወጣ። «ይቺን አትፈልግም ነበር» አለው ሰውየው። «ሌላ ካለህ ስጠኛ» አለው አጎቱ። ምን ይስጠው?

ያቺ ሴትዮ ወጣች። አፏ እንደተጣመመ፣ ዓይኗ እንደተጨፈነ፣ በትልቁ፣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብላ ለቅሶውን ዞረች። አልቃሿ እሷን እያየች ገጠመች። ከሩቅ ሰፈር የመጣች አንዲት እድርተኛ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ምነው፣ እንዲህ ቁጡ ነበረች እንዴ?» ስትል ሰውየው አጠገቧ ቆሞ ሰማ። አይደለችም ሊል አፉን ከፈተ፤ የሚያሳይበት ነገር ስላልነበረው መልሶ ዘጋው። ልቡ ያን ጊዜ ነው የተሰበረው፤ ከዚያ ወዲያም አልተጠገነም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ወደ ሱቁ መጣ። ትልቁን ካሜራ መስታወቱ ላይ አኖረና «ያቺን የታችኛዋን አሳየኝ» አለ። ሻጩ አወረደለት። «መብራቱን አጥፋልኝ፣ በሩንም ዝጋው» አለ። ሻጩ ግራ እየገባው አጠፋ፣ ዘጋ። ሰውየው ሻጩን በጨለማው ውስጥ አነሳው። ቀጭ የሚል ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ከዚያ ምስሉን ተመለከተ። የሻጩ ሽበት፣ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ የዓይኑ ብሌን፣ ሁሉም ወጥቷል።

«ይቺ ነበረች» አለ። እንደቆመም አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አላየሁም የምልሽ ሻጩ እኔ ስለሆንኩ ነው። ይኼን ሁሉ የነገረኝ እዚህ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ቆሞ ነው።

ትንሿን ካሜራ በነጻ ውሰዳት አልኩት፣ ለመንኩት። «ማንን ላነሳባት?» አለኝና ትልቁን አንገቱ ላይ አጥልቆ ወጣ። ዛሬም ሠርግ ያነሳል አሉ። ጥሩ ፎቶ አንሺ ነው ይሉታል።

እኔም ከወቀሳ አላመልጥም። መጀመሪያ የመጣ ቀን ቅንድቡ ላይ ዱቄት አይቻለሁ። ሠርግ የሚያነሳ ሰው እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ደግሜ ብጠይቀው፣ ወጣቶቹን እስቲ ለአፍታ ውጡልኝ ብላቸው ይነግረኝ ነበር። ለነገረኝ ቃል የሚሆነውን ሸጥኩለት፤ እሱም ቸኩሎ ነበር፣ እኔም ቸኩዬ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ወረቀትሽን አይቼዋለሁ። ሦስት ካሜራ ጽፈሻል። የእያንዳንዱን ቁጥር ጽፈሻል፣ ቪዲዮውን ጽፈሻል፣ ዋጋውን ጽፈሻል፣ ያለሽን ብርም ከታች አስምረሽበታል። ለምን እንደፈለግሽው ስጠይቅሽ ግን «እንዲሁ ነው፣ ለሥራ» ብለሽ አንገትሽን ደፋሽ። ያ ሰውም እንደዚያ ነበር አንገቱን የደፋው። የሱ «ለሠርግ ነው» እና ያንቺ «ለሥራ ነው» አንድ ናቸው። ከነዚህ ሦስቱ የቱ እንደሚሻል እኔ አላውቅም፤ ብርሽ ይብቃ ወይም ይትረፍ እሱንም አላውቅም። ምናልባት የሚሆንሽ ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

አሁን በሩን ዘግቼዋለሁ። ከኔ በቀር የሚሰማሽ የለም። ማንን ልታነሺበት ነው?