ላሚኔት የተደረገው ኩፖን

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ላይ አንድ ሱፐርማርኬት ኩፖን ማደል በጀመረበት ሰሞን፣ ሦስት እህትማማቾች በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ታላቋ ይርገዱ፣ መካከለኛዋ ዘነቡ፣ ታናሿ ጥሩአየር ይባላሉ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ያየሁትን ነው የማወራው። ሦስቱም ልብስ ስፌት አብረው ተምረዋል፤ የስፌት መኪና ግን አንዳቸውም የላቸውም። ገበያው ዳር ያለው የልብስ ሰፊዎች ማህበር ደግሞ አንድ ክፍት ቦታ ነበረው። ቀድመው ስለተመዘገቡ ቦታውን ለእነሱ ያዘላቸው፤ ግን ከሦስቱ ለአንዷ ብቻ፣ ያውም የራሷን መኪና ይዛ ለመጣችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዷ መቀስ ስታነሳ የሌላዋ ፊት ይጠቁር ጀመር።

የኩፖኑ ነገር እንዲህ ነው። ዕቃ በገዛችሁ ቁጥር ማህተም ይመታበታል። ሲሞላ ካሸሯ የመጨረሻውን ማህተም መትታ ኩፖኑን ደረሰኙ ላይ እንደ ክፍያ ታስገባዋለች፣ እናንተም የስፌት መኪና ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ይርገዱ ሰበሰበች። ሳሙናም ስኳርም ሲያልቅ ደጃፋችን ያለውን ሱቅ አልፋ፣ ያንን ዳገት ወጥታ እዚያው ትገዛለች። እህቶቿ «ለወረቀት ብለሽ!» እያሉ ይስቁባት ነበር። ኩፖኑ ሲሞላ ግን ሳቁ ቆመ። እሷም እንዳይቆሽሽባት ሰግታ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደችና በፕላስቲክ ላሚኔት አስደረገችው። ዲፕሎማ ይመስል!

ዘነቡ ወረፋ ያዘች። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ የቀሩት መኪኖች ጥቂት ናቸው ተባለ፤ ከተማው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እሷ ግን ገና በማለዳ ሄዳ ከበሩ ፊት ድንጋይ አስቀምጣ ነበር። አንድ ጎረምሳ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ ቢያደርገው እሳት ለበሰች።

«ድንጋዩ እኔ ነኝ! መልሰው!»

መለሰው። ምን ያድርግ?

ሦስቱም ካሸሯ ፊት ደረሱ። ካሸሯ ኩፖኑን አገላብጣ አየችና «ፕላስቲክ ላይ ማህተም አይዝም፤ አይሰራም» አለች። ይርገዱ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዘነቡ ካሸሯን መሳደብ ጀመረች። ጥሩአየር ግን ከቦርሳዋ ምላጭ አወጣች፤ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ እንደምትከፍት ሁሉ፣ ወረቀቱን ሳትነካ የማህተሙን ቦታ ብቻ ከፈተችው። ማህተሙ ተመታ፣ ደረሰኙ ወጣ። ጥሩአየር ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ደረሰኙን አነበበችው።

«እህቴ፣ ኩፖኑ አልገባም» አለቻት ካሸሯን።

«ገብቷል እኮ!»

«የት ጋ? አሳዪኝ።»

ካሸሯ አየች፣ ደነገጠች፣ እንደገና አስገባችው። መኪናዋ ተጭና መጣች።

ቤት እንደገቡ ግን ቅናቱ ፈነዳ።

«እኔ ባልሰበስብ ምኑን ልታስመቱ ነበር?» አለች ይርገዱ።

«እኔ ወረፋ ባልይዝ መኪናዋን ሌላ ሰው ይወስዳት ነበር» አለች ዘነቡ።

«አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ትሳደቢያለሽ» አለች ጥሩአየር፣ «ባዶ እጃችሁን ነበር የምትመለሱት።»

ይርገዱ ተነስታ ከመኪናዋ ላይ መርፌዋን ነቀለችና መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። ዘነቡ የመኪናዋን ቀበቶ ፈትታ ደበቀች። ጥሩአየር የታችኛው ክር የሚጠመጠምባትን ትንሿን ብረት አውጥታ ይዛ ተኛች። ይኸው መኪናዋ ሳሎን መሃል በነጠላ ተሸፍና ተቀምጣለች። ምሳ እንኳን አብረው አይበሉም። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተጣልተው ወጡ።

«በአንድ ወቅት» ብዬ የጀመርኩት ለወጉ ነው እንጂ መኪናዋ የመጣችው ባለፈው ሳምንት ነው። ማህበሩ «ሰኞ ጠዋት አንዳችሁ መኪና ይዛችሁ ካልመጣችሁ ቦታውን ለተጠባባቂዋ እንሰጣለን» ብሏቸዋል። ተጠባባቂዋ ማን ናት አትሉም? እኔ ነኝ። አሮጌም ብትሆን መኪና አለችኝ። ያቺ የእነሱ አዲሷ መኪና ከታክሲ ስትወርድ ሆዴ እንዴት እንደተቃጠለ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ስለዚህ ፍርድ ከእኔ አትጠብቁ፤ እኔ እንዲታረቁም እንዳይታረቁም መጸለይ አቅቶኝ ተቀምጫለሁ።

እናንተ ግን ለማንም አልወገናችሁም። ነገ ሰኞ ነው፤ ቶሎ ፍረዱ። ከሰበሰበችው፣ ወረፋ ከያዘችውና ደረሰኙን ካነበበችው፣ መኪናዋ የምትገባው ለማን ነው?