ቀብር የማይደርስ ሹፌር

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው አውቶቡስ መንዳት። ልጄ፣ አንቺ የአንድ ሌላ ሹፌር መንጃ ፈቃድ መሳቢያሽ ውስጥ ቆልፈሽ መጥተሽ፣ «ፈቃዱን የሰጠ ቢሮ እንዳሻው ቢነጥቅ ማን ይከለክለዋል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በመንጃ ፈቃድ ቢሮው ሹመትሽ ገና ሳምንቱ ነውና አልፈርድብሽም። እንግዲያው ስሚ።

ይህ ሰው ሃያ ዓመት ከደጋ ወደ ቆላ ሲነዳ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ነውሩ ሌላ ነበር፤ ቀብር አይደርስም። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት እሱ ሁልጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ተሳፋሪውን አድርሶ ሲመለስ ድንኳኑ ተነቅሎ ይጠብቀዋል። እድሩ መከረው፣ ቀጣው፣ በመጨረሻም ሰለቸው። ሊቀመንበሩ ለመንጃ ፈቃድ ቢሮው ሹም አቤት አለ።

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት መስማት እንኳ አይወድም። ችኩልነቱ ነው የጎዳው። «ለሬሳ ያላዘነ ለተሳፋሪ አያዝንም» አለና ሰውየውን ሳይጠራ፣ ሳይጠይቅ ፈቃዱን ነጠቀው።

ሹፌሩ ቤት ዋለ። ማለዳ ይነሳል፤ መሄጃ የለውም። ሌላ ሙያ አያውቅም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ ጠፋው። ከሁሉ ያንገበገበው ግን አንድም ሰው «እስቲ ያንተን ቃል እንስማ» አለማለቱ ነበር። በአምስተኛው ቀን ፍርድ ቤት ሄደ።

ዳኛዋ ሁሉንም አስጠሩና ሹሙን፣ «ሲነዳ ምን አጠፋ?» አሉት። ሹሙ የእድሩን አቤቱታ አውጥቶ አሳየ። ከዚያ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ዞሩ።

«አንድ እድርተኛችሁ ሰክሮ ሲነዳ ተይዞ ፈቃዱን ቢነጠቅ፣ ሲሞት አትቀብሩትም?»

«ኧረ ክብርት ዳኛ፣ ምን በወጣን። ቀብርና መኪና ምን አገናኛቸው?»

የተናገረው ነገር ቆይቶ ገባውና አንገቱን ደፋ። ዳኛዋም ፈቃዱን ከሹሙ ተቀብለው ለባለቤቱ መለሱለት። «የእድሩን ነገር ግን ከእድሩ ጋር ጨርስ» አሉት። ጨረሰም፤ ከመንገድ በሚያርፍበት ቀን የእድሩን ድንኳን መጠገን የእሱ ሥራ ሆነ። ሊቀመንበሩም ዛሬ ቆላ ሲወርድ ከእሱ አውቶቡስ ሌላ አይሳፈርም፤ ከኋላው ተቀምጦ እስኪደርሱ ሲያጫውተው ይሄዳል።

ልጄ፣ ያ ሹም አንቺ ነሽ። ቀብሩ የእድሩ እንደሆነ ሁሉ፣ ላንቺም ሕግ የሰጠሽ የመንገዱን፣ የአነዳዱን ጉዳይ ብቻ ነው። ሰክሮ የነዳ ካለ ጥሪው፣ ቃሉን ስሚ፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ንጠቂው፣ አታመንቺ። ከጎረቤቱ የተጣላውን ለሽማግሌ ተዪ። መሳቢያሽ ውስጥ ያለው ፈቃድ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። ነገ ማለዳ ግን መሳቢያውን ከመክፈትሽ በፊት የፈቃዱን ባለቤት አስጠሪና፣ «እስቲ ያንተን ቃል» በይው።