የመዝጊያ ጊዜ

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ባትሪው የሚሰጥሽ ጊዜ የመሥሪያ አይደለም፣ የመዝጊያ ነው።»

ይህን ያሉኝ የኮምፒውተር አስተማሪያችን ነበሩ። ትምህርቴን ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ቃላቸው ግን አብሮኝ ወጣ። የገባኝ የሚከተለውን ታሪክ የሰማሁ ዕለት ነው።

አንድ ፎቶ አንሺ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር፤ ስሙ አዳሙ ይባላል። የከተማው ሰው ሰርጉም፣ ክርስትናውም፣ ምርቃቱም ያለው በእሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ አዳሙ መጠባበቂያ ባትሪ ገዛ። ባትሪው ሊያልቅ ሲቃረብም ኮምፒውተሩ ሥራውን አስቀምጦ በራሱ እንዲዘጋ አድርጎ አስተካከለው።

ደንበኞቹ ግን አልወደዱለትም።

«አንተ አዳሙ፣ ይሄ ኮምፒውተርህ ዶሮ ነው እንዴ? ገና ሳይመሽ ቆጥ ላይ ይወጣል!» ይሉትና ይስቃሉ።

«ባትሪው እኮ ገና አለው። እስኪያልቅ ሥራበት እንጂ!»

ቀልዱ ሲበዛበት ማስተካከያውን አጠፋው። ጢጥ ጢጥ እያለ የሚያስጠነቅቀውን ድምፅም ዘጋው። «አሁን ሰው ሆንክ!» አሉት። ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ ገልብጦ ለማስቀመጥ ያስብ ነበር፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ።

አንድ ቀን እትዬ ስንዱ የምትባል ሴት ጥቁር ለብሳ መጣች። ልጇ ይበልጣል ከሞተ አርባው አልወጣም። ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ለጥምቀት ከጓደኞቹ ጋር እዚሁ ቤት የተነሣው።

«እሱን ብቻ ለይተህ በትልቁ አውጣልኝ» አለችው።

አዳሙ ፎቶውን ሲከፍተው «ይኸው ይበሌ!» አለች። ወዲያው መብራት ጠፋ።

«እትዬ ስንዱ፣ ልዝጋውና መብራት ሲመጣ እንጨርሰው።»

«ተው ወንድሜ፣ አትዝጋብኝ። ትንሽ ልየው።»

«ባትሪው አለው አይደል? ምን ታስጨንቃታለህ!» አለ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰው።

አዳሙ አንጀቱ አልቻለም። ቀጠለ። የልጁን ጓደኞች ከፎቶው ላይ አንድ በአንድ አጠፋ፣ ኮሌታውን አቃና፤ በመጨረሻ ይበልጣል ብቻውን ቀረ። እናቱ እጇን ወደ ፊቱ ስትዘረጋ ስክሪኑ ጠቆረ። ያስጠነቀቀ ድምፅ አልነበረም።

መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ። የኮምፒውተር ጠጋኙ ፎቶዎቹ ያሉበትን ዲስክ ይዞ ሲደክም ቆየና፣ «ከዚህ ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም» አለ።

እትዬ ስንዱ አላለቀሰችም። «ሁለቴ ቀበርኩት» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የእነዚያ ሲስቁበት የነበሩት ሰዎች ሰርግም፣ ሙታናቸውም አብሮ ሄዷል።

ዋናው መብራት ከሄደ በኋላ ጥቂት ጊዜ ይሰጠናል። የታመመ ቀና ይላል፤ ያኮረፈ ለአፍታ ይስቃል። እኛ ግን ሁሉም ነገር የተመለሰ መስሎን እንቀጥላለን። «ልዝጋ» የሚለውን እንስቅበታለን፤ የሚያስጠነቅቀውን አፉን እናስዘጋዋለን። የሚገባን ከጨለመ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ መግባቱ ምንም አይመልስም። እናንተስ፣ አሁን የምትሠሩበት ጊዜ የመሥሪያ ነው ወይስ የመዝጊያ?

ይህን ጽፌ ሳበቃ ቤታችን መብራት አልነበረም፤ የስልኬም ባትሪ ቀይ ሆኗል። የልጄን ፎቶ ለእህቴ ላክሁላት። መድረሱን አየሁና ስልኩን ዘጋሁት።