ለሠርግ የተቀመጠ ጥርስ

አንድ ሰው ነበረ። ግባ ምናሴ፣ የስልክ መጠገኛ ቤቴ ጠባብ ናት፤ እግርህን ከሽቦው ላይ አንሳና እዚያች ዱካ ላይ ተቀመጥ፤ ትናንት ለጠየቅከኝ መልስ ይዤልሃለሁ። «ከወንድሜ ጋር ሽማግሌ አስታርቆናል፣ በዓል በመጣ ቁጥር እደውልለታለሁ፣ ታዲያ ምን ጎደለ?» ብለኸኝ የለ? ስማኝ።

ይህ ሰው ገበሬ ነው። የፊት ጥርሶቹ ረግፈው አልቀዋል። ሲናገር ቃሉ ያፏጫል፣ ሰው ይስቅበታል፤ እሱም ቀስ በቀስ ሰው በተሰበሰበበት መናገር ተወ። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ልትዳር ነው። በሠርጓ ቀን ጉልበቱን ስትስም በገዛ አፉ አጥርቶ ሊመርቃት ይፈልጋል። ሌላ ሐሳብ የለውም።

ከተማ ወርዶ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገጠመ። ደስታውን ብታይ! ከመስታወቱ አልላቀቅ አለ። በገበያው መሀል ሲያልፍ ለማያውቀው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ አንዷ ቅመም ሻጭ እንደውም፣ ምነው ያውቁኛል እንዴ ብላዋለች። ጥርሱን የሠራችለት ሐኪም ግን አደራ ብላው ነበር። ቀን ቀን ያድርጉት፣ መጀመሪያ ያስቸግራል፣ ከቆረቆረዎት ይምጡ አስተካክለዋለሁ፤ ማታ አውልቀው በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡትና ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ እንዳይደርቅ።

እሱ ምን አደረገ መሰለህ? አንድ ቀን በላበት፤ ድዱን ቆረቆረው፣ ምራቁ በዛበት። ከዚያ ጥርሱን አየት አደረገና፣ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ለሽሮ አይሆንም፣ ይሄ ክት ነው አለ። አጠበው፣ አደረቀው፣ በሐር መሀረብ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከበርኖሱ ጋር አስቀመጠው። ሚስቱ፣ ሰውዬ፣ ጥርስ እንደ ኩታ ይታጠፋል እንዴ ብትለው፣ ለሠርጉ ነው አላት። እንዲሁ ወራት አለፉ።

ሠርጉ ደረሰ። በርኖሱን ደረበ፣ ጥርሱን አደረገ። ልጅቷ ልትሄድ ስትል ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። እንግዳው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ «ልጄ» ሲል ጥርሱ ሸርተት ብሎ ከንፈሩ ላይ መጣ። የደረቀው ጥርስ ተጣሟል፣ ባዶውን የከረመው ድድም ቅርጹን ቀይሯል። አፉን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ያዘ። ልጅቷ ተንበርክካ ትጠብቃለች። ቢጨንቀው ጎረቤቱን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ጎረቤቱ መረቃት፣ አሜን ተባለ። ልጁ በሌላ ሰው አፍ ተመርቃ ሄደች።

በማግስቱ ሊጣላ ሐኪሟ ዘንድ ሮጠ። እሷም አገላብጣ አየችና «አባባ፣ ጥርሱስ ጥሩ ነበር፤ አፍዎ ነው የማያውቀው» አለችው።

እንደገና ለክታ ሠራችለት። አሁን ሰውየውን ብታየው! ሲያርስ በጥርሱ፣ ሽሮውን ሲበላ በጥርሱ፣ ማታ ማታ ውሃ ውስጥ። ልጁ ልትጠይቀው የመጣች ዕለት በር ላይ አቁሞ ሲመርቃት እግሯ እስኪዝል ነው አሉ።

አንተም እንደዚያ ሰው ነህ ምናሴ። እርቁ አዲሱ ጥርስህ ነው፤ አንተ ግን ለፋሲካና ለመስቀል ብለህ በመሀረብ ጠቀለልከው። ይቆረቁራል፣ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ የምታወራው ሁሉ ይጠፋሃል። ግን በአዘቦት ቀን ካልበላህበት፣ የቸገረህ ዕለት «ወንድሜ» ስትል ከአፍህ ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬ፣ በዚህ ተራ ማክሰኞ፣ ተነስና ሂድ። ወንድምህ ረፋድ ላይ ስልኩን ሊያሠራ እዚህ መጥቶ ነበር። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለና ጠየቀኝ፦

«ምናሴ አሁንም ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው?»