ባሻ እንግዳሸት የባላምባራስ ደገፉን ርስት እንዳካፈሉ

ይህን ያወጉኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የነበሩት የመርሐቤቴው ተወላጅ አቶ ጥላዬ ናቸው። እርሳቸው ከአያታቸው ሰሙት፤ አያታቸው ደግሞ ባሻን በዐይናቸው አይተዋል። አይ፣ ልታረም፤ ያዩት በቅሏቸውን ነው።

ባላምባራስ ደገፉ ሲሞቱ ሦስት ልጆችና ሦስት ማሳ ትተው ነበር። አንዱ ማሳ ምንጭ ሥር ያለ ለም ነው፤ ሁለተኛው ተዳፋት፣ ሦስተኛው ድንጋያማ ጭንጫ። ታላቁ ልጅ ግራዝማች አሰልፈው ሀብታም ነው፤ መካከለኛው ተክሌ ዝምተኛ። ታናሺቱ የሺመቤት ግን ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት ናት፤ ጭንጫው ከደረሳት የወንድሟ ጥገኛ ሆና መቅረቷ ነው። ሟቹ ይህን ስላወቁ በነፍስ አባታቸው ፊት «ርስቴን ባሻ እንግዳሸት ያካፍል፤ ለድካሙም ቀይ በቅሎዬን ይውሰድ» ብለው ተናዘዙ። ባሻ በምላሳቸው የተፈሩ የአገሩ ሽማግሌ ነበሩ።

ገና ከተዝካሩ ድንኳን ሳይወጡ ግራዝማች ተነሣና፣ ባዕድ በአባቴ ርስት ላይ ምን ሥልጣን አለው፣ ዛሬውኑ ይሻርልኝ አለ። ባሻም ነጠላቸውን አስተካክለው፣
«የሚሽረኝ የሾመኝ ነው። መቃብሩ ቅርብ ነው፤ ሄደው ያነጋግሯቸውና ያሉትን ይንገሩኝ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ በቅሎዋ ዞረ። ግራዝማች በቅሎዋን በግቢው አስሮ አልሰጥም አለ። አደራ ለነፍስ የሚሠራ ሥራ ነውና ዋጋውን በሰማይ ይቀበላሉ ብሎም አስተማራቸው። ባሻ አመሰገኑት።
«መልካም ነው። የእርስዎንም ድርሻ እዚያው አስቀምጥልዎታለሁ፤ አብረን እንቀበላለን።»
በቅሎዋ በዚያው ቀን ከነኮርቻዋ መጣች። ኮርቻው እንኳ በኑዛዜው አልነበረም።

ግራዝማች ከዚህ በኋላ ወደ ዳኛ ሄደ። ዳኛ አልኩ እንጂ የአካባቢው ጭቃ ሹም ነበሩ። በጠዋት አንድ ጋን ማር ላከላቸው። ጭቃ ሹሙም የኑዛዜውን ወረቀት አገላብጠው አገላብጠው፣ የባሻን ስም ፈልጌ አጣሁት አሉ። ባሻ ጠጋ ብለው ተመለከቷቸውና፣
«ጌታዬ፣ ማሩ ዐይንዎ ላይ ፈሶ ይሆናል፤ ጠረግ ቢያደርጉት ይታይዎታል» አሉ።
ችሎቱ ሁሉ ሳቀ፤ ጭቃ ሹሙም ስሙን አገኙት።

በመጨረሻ የማካፈሉ ቀን ደረሰ። ግራዝማች አሁንም፣ ባሻ ለእህቴ ያደላሉ፣ ታላቅ ነኝና ድንበሩን የምለየው እኔ ነኝ አለ። ሁሉም ባሻ ይቆጣሉ ብሎ ሲጠብቅ እሺ አሉት። ግራዝማች ገመዱን ይዞ ዋለ፤ ማሳዎቹንም እንደነበሩ ሦስት አድርጎ ለያቸው። በዚያ አገር ደንብ ደግሞ ርስት የለየ ሰው እኩል መለየቱን በካህን ፊት በግዝት ይምላል፤ በሐሰት የማለ በቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ግራዝማችም ደረቱን ነፍቶ፣ ከተጠየቀው በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
«አንዱ ከሌላው በስንዝር የማይበልጥ፣ በፍሬም የማይተናነስ አድርጌ ከፍያለሁ!» ሲል ማለ።
ወዲያው ወደ ምንጩ ማሳ ሁለት እርምጃ ተራመደና፣ በታላቅነቴ ቀድሜ ልምረጥ አለ።

የሺመቤት አንገቷን ደፋች። ባሻ ግን በምርኩዛቸው መንገዱን ዘጉበት።
«ግራዝማች፣ ለእኩል ነገር ምን ያሽቀዳድምዎታል? ትንሿ ትምረጥ። የለም የሚሉ ከሆነም ካህኑ ገና አልሄዱምና መሐላዎን ያንሡ።»

ይህን የጻፍኩት ወንድሜና እኅቶቼ የእናታችንን ቤት የውርስ አጣሪ ሆኜ እንዳካፍል በመረጡኝ ዕለት ነው፤ ሐሙስ፣ ግንቦት ዘጠኝ። አይ፣ ዐሥር ነው። ታላቃቸው እኔው ነኝ።