የፊታውራሪው ፈረስ፣ የልጆቹ ገብስና መሪጌታ ልሳኑ

ድሮ መሪጌታ ልሳኑ የሚባሉ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ አሉ። እኔ ከአክስቴ ነው የሰማሁት፤ እሷ ደግሞ ከአያቷ።

በአገሩ ፊታውራሪ አስናቀ የሚባሉ ጌታ ነበሩ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ ኢዮብ ሲነበብ ሰሙ። እግዚአብሔር ለኢዮብ ስለ ጦር ፈረስ ይነግረዋል፤ አንገቱ ነጎድጓድ የለበሰ፣ ፍርሃትን የሚንቅ፣ ጦርነትን ከሩቅ የሚያሸት። ፊታውራሪ ይህማ የኔ ፈረስ ነው አሉና ስሙን ነጎድጓድ አወጡለት። በጌቶች ወግም በፈረሳቸው ስም አባ ነጎድጓድ ተባሉ። ከዚያ መጽሐፍ ያመሰገነው ፈረስ ሣር አይበላም ብለው፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ገብሱን ለፈረሱ እንዲያስገባ አዘዙ።

ክረምቱ አልወጣም፤ እናቶች ለልጅ የሚያቀምሱት ያው ገብሱ ብቻ ነበር። ሕፃን ያላት ሴት ይህን ሰምታ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? እናቶቹ መሪጌታ ዘንድ ሄደው አለቀሱ። መሪጌታም ተነሡ።

ፊታውራሪ ግቢ ሲደርሱ ጌታው ፈረሱ ላይ ሆነው ፍርሃት አያውቅም እያሉ ያወራሉ። ወዲያው አንዲት ዶሮ ካጥር ሥር ብር አለች። ፈረሱ ደንግጦ ጌታውን እሾህ ላይ ጣለና ጋጣው ገባ። ፊታውራሪ እሾሁን እየነቀሉ፣ ፍርሃትን ይንቃል ተብሎ አልተጻፈም ወይ ብለው ተቆጡ።

«ተጽፏል ጌታዬ፤ ዶሮዋ ግን ማንበብ አትችልም» አሉ መሪጌታ።

ሌላ ቀን ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው የፊታውራሪን ጮማ ጠግበው ነው የመጡት። መጽሐፍ ያመሰገነውን እንስሳ ሕዝቡ መቀለብ አለበት ብለው ሊፈርዱ ሲሉ መሪጌታ እጅ ነሡ።

«እዚያው መጽሐፍ ላይ ሌዋታን የሚባለው የባሕር አውሬ ከፈረሱ አብልጦ ተመስግኗል። የእሱንስ ቀለብ ለየትኛው ቤት ደለደሉት?»

ዳኛው ለሳቸው ቤት እንዳይደርስ ፈርተው ቀጠሮ ሰጡ።

ፊታውራሪ በጣም ተናደዱ። እንግዲያ እግዚአብሔር ያን ሁሉ ስለ ፈረስ ለኢዮብ የነገረው ለምንድን ነው አሉ። እኔ ብሆን እዚህ ላይ ዝም እል ነበር፤ መሪጌታ ግን መለሱ።

«አንተ አልፈጠርከውም ሊለው ነው። ኢዮብም ገብቶት ዝም አለ እንጂ፣ አባ ነጎድጓድ በሉኝ አላለም።»

ፊታውራሪ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ገብሱን በጉልበት አስወስደው ሜዳ ላይ አስከመሩት። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ቆመዋል፤ ልጆቹ ያለቅሳሉ። ፊታውራሪም በሰው ፊት፣ መለከት ሲነፋ ፈረሴ ጠላት ፍለጋ ካልሮጠ ገብሳችሁን ውሰዱ ብለው ማሉ። መለከቱ ተነፋ። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ፣ አየሩን አሸተተ፣ ከዚያ እየጋለበ ሄዶ አፍንጫውን ገብሱ ክምር ውስጥ ቀበረ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊታውራሪ ግን ሽንፈት አይወዱም፤ ጠላት ገብስ መስሎ ቢመጣም ፈረሴ አሽትቶ ይዞታል፣ ይኸው ማረከው አሉ።

መሪጌታ ወደ እናቶቹ ዞር ብለው ስልቻቸውን እንዲያመጡ ጠቀሷቸውና ለፊታውራሪ እንዲህ አሉ፦

«እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ። ምርኮኛውን እነዚህ ሴቶች በየቤታቸው ወስደው ያስሩልዎታል።»